የአንድን ትውልድ ወጣትነት የሚገልጸው የትኛው ዘፈን ነው?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ በተለምዶ «ያ ትውልድ» እየተባለ የሚጠራው፣ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. ወጣት የነበረው የኢትዮጵያ ትውልድ፣ ወጣትነቱ በአንድ ዘፈን ይወከል ቢባል የትኛው ሊመረጥ እንደሚገባ መመርመር ነው። ጥያቄው ለጨዋታ ያህል የሚነሣ ሊመስል ይችላል። ሰዎች በየቤቱና በየመዝናኛው «የኛ ጊዜ ዘፈን» እያሉ ሲከራከሩ ይሰማል፤ ክርክሩም ብዙውን ጊዜ በሣቅ ይፈጸማል። ነገር ግን ነገሩን ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው ሰው፣ ለአንድ ዘመን ዘፈን መምረጥ ማለት ከዚያ ዘመን ምን እንደሚታወስና ምን እንደሚረሳ መወሰን ማለት ነው። ከዚያ ትውልድ ደግሞ ብዙዎች ሳያረጁ ስለ ተቀጩ፣ ምርጫው በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር፣ ሁሉም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

፩. ስለ መመዘኛው

በመጀመሪያ ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው «ከዘመኑ ዘፈኖች ሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «የዘመኑን ወጣቶች የሚገልጸው የትኛው ነው?» የሚል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ዜማው፣ ስለ ድምፁና ስለ ግጥሙ ውበት ይጠይቃል። ሁለተኛው ግን ስለ ሰዎቹ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ ክርክሩ መልስ የሚያጣው አንዱ ተከራካሪ ለመጀመሪያው፣ ሌላው ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ስለሚሰጥ ነው።

ሌላው ችግር የትዝታ ነገር ነው። አንድን ሽማግሌ «የወጣትነትህ ዘፈን የትኛው ነው?» ብንለው፣ የሚነግረን ዛሬ ሲሰማው ልቡን የሚያባባውን ነው። ይህም ስለ ዛሬው ሽማግሌ እንጂ ስለ ትናንቱ ወጣት እምብዛም አያስረዳም። ስለዚህ ምርጫችን ሰዎቹ በስድሳ ዓመታቸው በወደዱት ሳይሆን በሃያ ዓመታቸው ባደረጉት ላይ መመሥረት አለበት።

በዚህ መሠረት ሦስት መመዘኛዎችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ዘፈኑ ለወጣቶቹ የተዘፈነላቸው ብቻ ሳይሆን ራሳቸው የዘፈኑት መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ የዚያ ዘመን ብቻ መሆን አለበት፤ ይኸውም ከእነርሱ በፊት የነበሩት እንደዚያ አድርገው ያልዘፈኑት፣ ከእነርሱ በኋላ የመጡትም እንደዚያ አድርገው ሊዘፍኑት የማይችሉት ማለት ነው። ሦስተኛ፣ መዘፈኑ አንድ ነገር ያስከፈለ መሆን አለበት። ወጣትነት ገና ምንም ሳያፈሩ ያላቸውን ሁሉ የሚያስይዙበት ዕድሜ ነውና፣ ምንም ያልተያዘበት ዘፈን ወጣትነትን ይገልጻል ለማለት ያስቸግራል።

፪. ሊመረጡ የሚችሉ ሌሎች ዘፈኖች

ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠራው ትዝታን ነው። ትዝታ የአንድ ዘፈን ስም ብቻ ሳይሆን የቅኝት ስምም ነው፤ ከባቲ፣ ከአንቺሆዬና ከአምባሰል ጋር ከአራቱ ታዋቂ ቅኝቶች አንዱ ነው። በውበቱ የሚከራከረው የለም። ነገር ግን ትዝታ የሁሉም ትውልድ ነው። አያት የዘፈነችውን የልጅ ልጅም ይዘፍነዋል፤ እያንዳንዱም የራሱን ናፍቆት ይጨምርበታል። ለሁሉ የሚበቃ ልብስ ደግሞ የማንንም ልክ አያሳይም። ከዚህም በላይ ትዝታ ወደ ኋላ ይመለከታል፤ የዚያ ትውልድ ወጣትነት ግን ዓይኑን የተከለው ወደፊት ነበር። ትዝታ የትውልዱ እርጅና ዘፈን ቢባል ያስኬዳል።

ቀጥሎ የሚነሣው የጥላሁን ገሠሠ ስም ነው። ጥላሁን በ1933 ዓ.ም. ተወልዶ፣ በሀገር ፍቅር ቴአትር ጀምሮ፣ ወደ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተሻግሮ፣ በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ሲያርፍ በመንግሥት ደረጃ ሥርዓተ ቀብር የተፈጸመለት ድምፃዊ ነው። ክቡር ዘበኛ የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ዋና ኃይል ስለ ነበር፣ ሙከራው ከከሸፈ በኋላ ጥላሁንም ታስሮ ነበር። ስለዚህ ዋጋ አልከፈለም ሊባል አይችልም። ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባል። በዚያን ጊዜ ታላላቆቹ ኦርኬስትራዎች የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ፣ እንዲሁም በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ነበሩ። ድምፃዊው የሚዘፍነው መንግሥት በሰጠው ልብስ፣ መንግሥት በገዛው ሙዚቃ መሣሪያ፣ ደመወዝም እየተቀበለ ነበር። ሁለተኛም፣ ጥላሁንን የወደደው ወጣቱ ብቻ አልነበረም። ሚኒስትሩም፣ ነጋዴውም፣ ወታደሩም፣ እናትም፣ ልጅም እኩል ወደዱት። ይህ ለጥላሁን ክብሩ ነው፤ በእኛ መመዘኛ ግን የአገር ድምፅ ያደርገዋል እንጂ የአንድ ትውልድ ወጣትነት ድምፅ አያደርገውም።

ሦስተኛው የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» ነው። ስለዚህ ዘፈን ለመናገር በፊት ስለ ዲስክ ነገር ጥቂት ማለት ያሻል። የሙዚቃ ዲስክ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለብዙ ዓመታት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምኃ እሸቴ የሚባል ወጣት ይህን ደፍሮ በ1969 እ.ኤ.አ. በራሱ ስም የዲስክ ድርጅት አቋቋመ፤ ዓለማየሁ እሸቴንም የመሰሉ ድምፃውያን በዚሁ መንገድ በየቤቱ ለመሰማት በቁ። ጊታሩ፣ ሳክስፎኑና የምሽቱ ጭፈራ የደመቀበት ይህ ጥቂት ዘመን ነው ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» የሚባለው። «ኧረ መላ መላ» የወጣው በ1975 እ.ኤ.አ. በካይፋ ዲስክ ሲሆን፣ በ1986 እ.ኤ.አ. አንድ የቤልጅግ ኩባንያ እንደገና ስላሳተመው በውጭ አገር ታወቀ። በኋላም «ኢትዮፒክስ» የተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ እትም የዘመኑን ዘፈኖች በዓለም አዳረሰ።

የዘፈኑን ጥራት መካድ አይቻልም። ግን አክሊሉን የጫነለት ማን ነው? በአብዛኛው ከባሕር ማዶ የሆነ፣ ቃሉን የማያውቅ፣ ከዘመኑም ብዙ ዓመት ርቆ የሰማ አድማጭ ነው። ደግሞም ዘፈኑ በወጣበት ዓመት ንጉሡ ወርደው፣ ሰዓት እላፊ ታውጆ፣ የምሽቱ ጭፈራ ቤት እየጨለመ ነበር። አንዳንዶች «መላ» የሚለውን ቃል ይዘው ዘፈኑ በፍቅር ስም የአገሩን ጭንቀት ይናገራል ይላሉ። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ እንዲህ ቢያስብ አይደንቅም፤ ሆኖም ወርቁን ፍለጋ ሰሙን መርሳት ጥሩ ሂስ አይደለም። «ኧረ መላ መላ» ውብ የፍቅር ዘፈን ነው፤ ፍቅር ደግሞ በየዘመኑ አለ።

፫. «ፋኖ ተሰማራ»

በእኔ አስተያየት ሦስቱን መመዘኛዎች አንድ ላይ የሚያሟላው የተማሪዎቹ መዝሙር «ፋኖ ተሰማራ» ነው። (በቅርብ ዓመታት «ፋኖ» የሚለው ቃል በአማራ ክልል ለሚንቀሳቀሱ ታጣቂዎች መጠሪያ ሆኖ ይሰማል፤ ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን የያኔውን የተማሪዎች ዘፈን ብቻ ነው።) ይህ ዘፈን እንደ ሌሎቹ በዲስክ ታትሞ፣ በድምፃዊ ስም ተለጥፎ አልተስፋፋም። ከአፍ ወደ አፍ፣ ከካምፓስ ወደ ካምፓስ፣ በሰልፍ ላይ፣ ብዙ ሰው አንድ ላይ እየተቀበለው ነው የኖረው። የመጀመሪያው መመዘኛ በዚህ ተሟላ።

ዘፈኑ ከምን እንደ ተሠራ እንመልከት። ፋኖ ማለት በቀድሞው አነጋገር ሳይመለመል፣ ደመወዝም ሳይቈረጥለት፣ በራሱ ፈቃድ ለመዋጋት ዱር የሚገባ ሰው ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የአርበኝነት ዘመን ቃሉ ታላቅ ክብር ነበረው። ዜማውና አኳኋኑም የሽለላና የቀረርቶ ዘመድ ነው። እንግዲህ ሻጋታው የአባቶች ነው። በዚህ ሻጋታ ውስጥ የፈሰሰው ግን አዲስ ነገር ነው፤ ለፋኖው አርአያ ሆነው የሚጠሩት ሆ ቺ ሚንና ቼ ጉቬራ ናቸው። አንዱ የቬትናም መሪ፣ ሁለተኛው በ1967 እ.ኤ.አ. በቦሊቪያ የተገደለ የአርጀንቲና ሰው ነው። ሁለቱም ኢትዮጵያን ረግጠው አያውቁም። የአርበኞቹ ልጆች የአባቶቻቸውን ሽለላ ይዘው፣ የአባቶቻቸውን ስም ትተው፣ የባዕድ ጀግና ስም አስገቡበት። የሚያስገርመው ደግሞ «ጉቬራ» ከ«ተሰማራ» ጋር ቤት መምታቱ ነው፤ የሩቅ አገሩ ሰው በአማርኛ ግጥም በር ሲገባ እንግዳ አልመሰለም።

የዚያን ትውልድ ጠባይ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር ማግኘት ይከብዳል። ተማሪዎቹ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነበር፤ «ስትራግል» የተባለው የማኅበራቸው መጽሔትም ዋና ዋና ክርክሮቹን ያወጣ የነበረው በእንግሊዝኛ ነበር። ሲዘፍኑ ግን በአማርኛ ዘፈኑ። በእንግሊዝኛ ያሰቡትንና በአማርኛ የተሰማቸውን አንድ ላይ ያሰረው ይህ ዘፈን ነው።

«ተሰማራ» የሚለውም ግሥ ማስተዋልን ይጠይቃል። ከብት ወደ ግጦሽ ይሰማራል፤ ሰው በየሥራው ይሰማራል። መሰማራት ማለት ከአንድ በረት ወጥቶ፣ በሰፊው ተበትኖ፣ ለአንድ ተግባር መሄድ ነው። ዘፈኑ በትእዛዝ መልክ ይናገራል፤ አዛዡ ግን ንጉሥ ወይም ጄኔራል አይደለም። ወጣቱ ራሱን ያዝዛል፤ ጓደኛውንም ያዝዛል። ይህ ትውልድ በ1953 ዓ.ም. በኮሌጅ ቀን «ደኻው ይናገራል» የሚለውን የታምሩ ፈይሳን ግጥም ሲያዳምጥ፣ ገና በንጉሡ ፊት ስለ ድኻው አቤት ይል ነበር። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» እያለ ሰልፍ ሲወጣ፣ አቤቱታው ወደ ጥያቄ ተለወጠ። «ፋኖ ተሰማራ» ላይ ሲደርስ ግን ንጉሡም፣ ምክር ቤቱም ከንግግሩ ወጥተዋል። የሚናገረውም የሚሰማውም ወጣቱ ብቻ ነው።

ስለ ሦስተኛው መመዘኛ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚደንት የነበረው ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. በጥይት ተገደለ፤ በማግሥቱም ለአስከሬኑ በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ ተተኰሰ። በኅዳር 1965 ዓ.ም. ዋለልኝ መኰንንና ማርታ መብራህቱ ከጓደኞቻቸው ጋር አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክሩ ተገደሉ። ዘፈኑን የዘፈነ ሁሉ ሞተ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የዘፈነው ሁሉ ሊከተል የሚችለውን ያውቅ ነበር።

ሁለተኛውን መመዘኛ በመጨረሻ ያስቀረሁት ሐዘን ስላለበት ነው። በ1967 ዓ.ም. ወታደራዊው መንግሥት የዕድገት በኅብረት ዘመቻን ዐውጆ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ላከ። «ተሰማራ» የሚለው ቃል ከወጣቱ አፍ ወጥቶ የመንግሥት ትእዛዝ ሆነ። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ቀይ ሽብር መጣ፤ አንድ ላይ የዘመሩት በድርጅት ተለያይተው አንዱ ሌላውን «አብዮተኛ አይደለህም» አለው። ከዚያ በኋላ ያንን ዘፈን እንደ ቀድሞው አድርጎ መዝፈን ለማንም አልተቻለም። ትዝታ በስድሳ ዓመት ይበልጥ ይጣፍጣል፤ «ፋኖ ተሰማራ» ግን ከሃያ ዓመት ልጅ አፍ ካልወጣ በቀር ያው ዘፈን አይሆንም። የወጣትነት ዘፈን የሚያሰኘውም ይኸው ነው።

፬. በምርጫው ላይ ሊነሡ ስለሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የቍጥር ነው። በዚያን ጊዜ በዩኒቨርሲቲ የነበሩት ተማሪዎች ጥቂት ሺህ ብቻ ነበሩ፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቢጨመሩም እንኳ ከአገሩ ወጣት እጅግ አነስተኛው ክፍል ናቸው። የሚበዛው ወጣት እርፍ ጨብጦ ያርስ፣ ከብት ይጠብቅ፣ ልጅ ያሳድግ ነበር። እርሱም የእረኛ፣ የደቦና የሠርግ ዘፈን ነበረው። «ትውልድ» የሚለው ቃል ከመውለድ የወጣ ስለሆነ በአንድ ዘመን የተወለደውን ሁሉ ማቀፍ ሲገባው፣ «ያ ትውልድ» ሲባል ግን የተማረውን ብቻ ለማለት ሆኗል። ይህ ተቃውሞ እውነት አለው፤ ግን ዘፈኑን አይጥለውም። ይልቁንም ዘፈኑ የሚገልጸውን ነገር ያጎላዋል። ተማሪው ስለ ገበሬው መሬት ዘመረ፤ ገበሬው ግን መዝሙሩን አብሮ አልዘመረም። ይህ ክፍተት የዘፈኑ ብቻ አይደለም፤ የትውልዱ ራሱ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የቋንቋና የጾታ ነው። ዋለልኝ መኰንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፉ በኢትዮጵያ የአንድ ብሔር ባህል የሁሉም ባህል ተደርጎ መወሰዱን አጥብቆ ነቅፎ ነበር። ይህን ጥያቄ ያነሣ ትውልድ ግን የጋራ መዝሙሩን የሠራው በአማርኛ፣ በደጋው የፉከራ ልማድ ነው። እንደዚሁም ግሡ «ተሰማራ» ነው እንጂ «ተሰማሪ» አይደለም፤ ማርታን የመሰለች ታጋይ እየዘፈነች የምትጠራው ወንድን ነበር። ይህ ሁሉ ጉድለት ነው። ነገር ግን አንድ ዘፈን ትውልዱን ይገልጻል ስንል፣ ትውልዱ ያሰበውን ብቻ ሳይሆን ያላስተዋለውንም ይዞ መገኘቱን ነው የምንፈልገው። እንከን የሌለበት ዘፈን ቢገኝ ለዚያ ትውልድ መልኩ ሊሆን አይችልም ነበር።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው። ዘፈኑ ወጣቱን ወደ ሞት ጠርቷል፤ ትግል ከጠመንጃ ጋር አንድ እንዲሆን አድርጓል፤ ታዲያ እንዲህ ያለውን ዘፈን መምረጥ ደም መፍሰስን ማወደስ አይሆንም ወይ? አይሆንም እላለሁ፤ መምረጥ ማወደስ አይደለምና። በዘፈኑ ውስጥ መውጣት አለ፤ መመለስ የለም። ማንን እንደሚመስሉ ይናገራል፤ ድል ቢገኝ ምን እንደሚሠሩ አይናገርም። ይህም የሽለላ ጠባይ ነው፤ ሽለላ ጦርነት እስኪጀመር እንጂ ጦርነት ካለቀ በኋላ ላለው ቀን አይበጅም። ያ ትውልድም ንጉሡ ከወረዱ በኋላ ለመጣው ማግሥት ሳይዘጋጅ ተገኘ። ክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ» በተባለው መጽሐፉ የመዘገበውን የመከራ ታሪክ ያነበበ ሰው፣ ያንን ማግሥት በዘፈኑ ዝምታ ውስጥ ያገኘዋል።

ደግሞ የተገላቢጦሹን እንመልከት። «ወርቃማው ዘመን» በሚለው ስም ሥር ሳክስፎኑንና ጭፈራውን ብቻ ብንመርጥ፣ የዚያ ዘመን አዲስ አበባ ችግር ያልነበረባት፣ ወጣቷም ሌሊቱን ሲጨፍር ብቻ ያነጋ ትመስላለች። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ሰው በረኃብ ሲያልቅ፣ በመዲናይቱ የምሽት ክበብ ሙዚቃው አልተቋረጠም ነበር። ያንን ሙዚቃ መውደድ ኃጢአት አይደለም፤ ተማሪውም ራሱ ይወደው ነበር፤ ቀን ተሰልፎ ማታ የሚጨፍርም አልጠፋም። ግን ለአንድ ዘፈን ብቻ ቦታ ካለ፣ ዛሬ በቀላሉ የሚሸጠውን ሳይሆን በቀላሉ የሚረሳውን መያዝ ይሻላል። ጭፈራውን ዲስኩ ጠብቆልናል፤ ሰልፉን የሚጠብቅልን ግን የሰው አፍ ብቻ ነው።

፭. ማጠቃለያ

ከላይ የተባለውን ለመጠቅለል፣ ትዝታ የሁሉም ዘመን፣ የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ የመላው አገር፣ «ኧረ መላ መላ» ደግሞ በአብዛኛው በኋላ የመጣ አድማጭ ምርጫ ነው። በውበት ሦስቱም «ፋኖ ተሰማራ»ን ሊበልጡ ይችላሉ። ያ ትውልድ ራሱ ለራሱ የተናገረበት፣ ድፍረቱን ከነ ችኮላው፣ ፍቅሩን ከነ ጭፍንነቱ ያስቀመጠበት ዘፈን ግን «ፋኖ ተሰማራ» ነው።

በመጨረሻም ለተማሪ ጓደኞቼ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ይህን ዘፈን በሰልፍ ላይ የዘፈኑት ሰዎች ዛሬ በሕይወት ካሉ ሰባና ሰማንያ ዓመታቸውን ይዘዋል። ግጥሙ በየካምፓሱና በየከተማው እየተጨመረበትና እየተቀነሰበት የተዘፈነ በመሆኑ፣ በአንድ ቅጂ ብቻ ሊታወቅ አይችልም። በአዲስ አበባ የተባለው፣ በክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶች የተባለው፣ በዘመቻው ጣቢያዎች የተባለው ለየብቻው ቢመዘገብ፣ የትኛው ስንኝ መቼ እንደ ገባና የትኛው መቼ እንደ ወጣ ለማወቅ ይቻላል። ከዚሁ ጋር በዚያው ዘመን ወጣት የነበሩ ገበሬዎችና ሴቶች የዘፈኑት ቢሰበሰብ፣ «ትውልድ» የሚለውን ቃል ወደ ሙሉ ትርጉሙ ለመመለስ ይረዳል። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጊዜ ግን አይሰጥም። ዛሬ ያልተጠየቀው ሽማግሌ ነገ አይገኝምና።